በኩፖን ስትገዙ ምን ያህል ነው የምታከማቹት?

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ፣ እኔ፣ ባለቤቴና የ8 ወር ልጃችን። ከወለድኩ ወዲህ ሥራ ስላቆምኩ ኩፖን (የዋጋ ቅናሽ የሚያሰጠውን ወረቀት) መከታተል ጀምሬአለሁ። ከእሁድ ጋዜጣ ጋር የሚመጣውንም እቆርጣለሁ፣ በሱቆቹ አፕ ላይ ያለውንም እጭናለሁ። እውነቴን ነው ደስ ይላል፤ ሻምፑና የጥርስ ሳሙና በሳንቲም ይዤ የወጣሁበት ጊዜ አለ። ግን ማቆሚያው የት ጋ እንደሆነ ግራ ገባኝ። ክሎዜቱ ሞልቷል፣ ከአልጋ ሥር ሶፍት ተደርድሯል፣ ባለቤቴ «ሱቅ ልንከፍት ነው ወይ?» ይለኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ዛሬ በግማሽ ዋጋ ያየሁትን ዕቃ ከወር በኋላ በሙሉ ዋጋ መግዛት ያንገበግባል።

እናንተ በምን ትወስናላችሁ? ስንት ሲሞላ ነው «በቃ» የምትሉት? በተለይ ዳይፐርና ምግብ ላይ ያላችሁን ንገሩኝ።

ገበያ ወዳድ

እህቴ፣ መጀመሪያ ቤታችሁ ምን ያህል እንደሚጨርስ እወቂ። አብዛኛው ሰው ይህን አያውቅም፣ በግምት ነው የሚገዛው። ማርከር ውሰጂና ሻምፑውን፣ የልብስ ሳሙናውን፣ የጥርስ ሳሙናውን በከፈትሽ ቁጥር ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፊበት። ሲያልቅ ወደ ቆሻሻ ከመጣልሽ በፊት ቀኑን እዪው። አንድ ሁለት ጊዜ ካደረግሽው የቤትሽን ልክ ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛው ነገር፣ ቅናሽ ይመላለሳል። እዚህ አገር ብዙው ዕቃ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ሴል ይወጣበታል። ስለዚህ የምታከማቺው እስከሚቀጥለው ሴል የሚያደርስሽን ያህል ነው፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግሽም። አንድ የጥርስ ሳሙና 4 ሳምንት የሚቆያችሁ ከሆነ ለ12 ሳምንት ሦስት ይበቃል፣ ለመጠባበቂያ አንድ ጨምሪና አራት ይሁን። አምስተኛው በነጻ ቢሰጥሽ እንኳ ቦታ ነው የሚይዝብሽ። ኩፖን ስላለሽ ብቻ የምትገዢው ነገር ቁጠባ አይባልም፤ ያለ ኩፖኑ የማትገዢው ዕቃ ከሆነ እለፊው።

ዳይፐር ላይ ሒሳቡ ትንሽ ይለያል። ልጅሽ በቀን 6 ከጨረሰ በ8 ሳምንት 336 ዳይፐር ነው፣ ይኼን አይተሽ ግዢ ግዢ ሊልሽ ይችላል። ግን ልጅ ያድጋል። ላስቲኩ ጭኑ ላይ ቀይ ምልክት መተው ከጀመረ ወይም ሌሊት ሌሊት ማፍሰስ ካበዛ ቁጥሩ ሊቀየር ነው ማለት ነው። ስለዚህ አሁን ከሚያደርገው ቁጥር የአንድ ወር ያህል ብቻ ያዢ፤ ጥሩ ቅናሽ ስታገኚ የሚቀጥለውን ቁጥር ግዢ። ደረሰኙን አትጣይ፣ ያልተከፈተውን በሌላ ቁጥር የሚለውጡ ሱቆች ብዙ ናቸው።

ሶፍትና ምላጭ አይበላሽም፣ ቦታ እስካለሽ ድረስ ችግር የለውም። የጥርስ ሳሙና ላይ ግን ቀን አለ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በረኪና ከ6 ወር በኋላ ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ በጭራሽ አታከማቺው።

ከአሌክሳንድሪያ

ገበያ ወዳድ ያለችው ትክክል ነው፤ 12 ሳምንቱ ላይ ግን አልስማማም። ያ ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ላለው ሰው ነው። ባለ አንድ መኝታ ውስጥ ሕፃን ይዞ ለሚኖር ሰው ከ6 ሳምንት በላይ ማስቀመጥ ቤቱን መጋዘን ማድረግ ነው። ልጁ አሁን መዳህ ይጀምራል፣ ከአልጋ ሥር ያለውን ሁሉ ጎትቶ ነው የሚያወጣው።

ሌላው ብሩ ነው። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ገንዘባችሁም አብሮ ተቀምጧል። ክሬዲት ካርድ ላይ ዕዳ እያለ፣ ወለዱም 20 በመቶና ከዚያ በላይ እየሆነ፣ በካርዱ የስድስት ወር ሳሙና መግዛት ቁጠባውን ያጠፋዋል። በጥሬ ገንዘብ ወይም ወሩ ሲያልቅ ሙሉውን በሚከፈል ካርድ ብቻ ግዙ። እኛ ቤት ለኩፖን ግዢ ለብቻው የተመደበ ብር አለ፣ እሱ ካለቀ የፈለገው ቅናሽ ቢወጣ ያልፈናል።

«በነጻ» የሚባለውንም በደንብ እዩት። ሜሪላንድ ውስጥ የአምራቹን ኩፖን ስትጠቀሚ ታክሱ የሚሰላው ኩፖኑ ከመቀነሱ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው፣ 6 በመቶ። ሱቁ ራሱ የሚሰጠው ኩፖን ከሆነ ግን ከተቀነሰው ዋጋ ላይ ነው። ሻምፑና የልብስ ሳሙና ብዙ ስትደራርቢ ይኼ ይታያል። ኮስኮ (በትልልቅ ማሸጊያ የሚሸጠው ሱቅ) ደግሞ የአምራች ኩፖን አይቀበልም፤ የራሱ ቅናሽ ነው ያለው። ትልቅ ሆኖ ስለተሸጠ ረከሰ ማለት አይደለም፣ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን የአንድ አውንስ ዋጋ እያያችሁ አወዳድሩ። ትንሹ ከነኩፖኑ ከኮስኮው ትልቅ ረክሶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ማርከሩን ዛሬውኑ ነው የምጀምረው። ምግቡስ? እኛ ቤት ጾም ይጾማል። ባለፈው ሰሞን እርጎና አይብ ላይ ኩፖን በኩፖን ሆኖ አይቼ ሁዳዴ ሊገባ ስለሆነ ተውኩት፣ ልክ ነኝ ወይስ ፍሪዘር ይችለዋል?

እናት ከቨርጂኒያ

ልጄ፣ ልክ ነሽ። እርጎ ፍሪዘር ገብቶ ሲወጣ ውኃው ለብቻ ይለያል፣ ለሚጾም ቤት ከሁዳዴ በፊት እርጎ ማከማቸት ብር መጣል ነው። እኛ በኩፖን ስንገዛ ከሱቁ ወረቀት እኩል የጾሙን አቆጣጠር ማየት አለብን። ፈረንጆቹ የሚጽፉት የማከማቻ ሠንጠረዥ ይኼን አያውቀውም። 55 ቀን ሥጋና ወተት የማይገባበት ቤት ውስጥ የሚያልቀው ዘይቱ፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ የቲማቲም ድልሁ፣ የለውዝ ቅቤው ነው። እነዚህን ጥርና የካቲት ላይ ቅናሽ ስታዪ ያዢ። ምስር ክክ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመትም ይቆያል። የቲማቲም ነገር በቆርቆሮ ሲሆን አሲድ ስላለው ከዓመት ከዓመት ተኩል በላይ አታቆዪው። ዘይት ደግሞ ይሸታል፣ በተለይ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ። ሁለት ጠርሙስ ይበቃሻል።

ቅቤውን ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ነው ትልቁ ቁጠባ። ፈረንጆቹ ለታንክስጊቪንግና ለገና ኬክ ስለሚጋግሩ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቅቤ በጣም ይረክሳል። ያን ጊዜ እኛ የነቢያት ጾም ላይ ነን፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ጨው የሌለበትን እገዛለሁ፣ ከነካርቶኑ ላስቲክ ውስጥ አድርጌ ፍሪዘር አስገባዋለሁ፤ ቅቤ ሽታ ስለሚስብ ሳይጠቀለል ከዓሣ ጋር አታስቀምጪው። ለገና ሰሞን አውጥቼ በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል አነጥረዋለሁ። ሲነጠር እሳቱ ዝቅ ይበል፣ አረፋው ጠፍቶ ሥሩ እስኪጠራ አትቸኩዪ። ውኃው ካለቀ በኋላ ያለው ቅቤ ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ለወራት ይቆያል። እኛ ቤት ለፋሲካ የሚደርሰው ይኼው ነው። ስንት ልግዛ ብትዪ፣ ከገና እስከ ፋሲካ የምትሠሪውን ዶሮና ክትፎ አስቢ፣ የጾሙን ወራት ቀንሺ፣ ከዚያ ላይ ነው የምትገዢው።

የበጉም ነገር እንዲሁ ነው። በፈረንጆቹ ፋሲካ የበግ ሥጋና እንቁላል ይረክሳል። የእኛ ፋሲካ አንዳንዴ ከእነሱ ጋር አንድ ቀን ይውላል፣ 2025 ላይ ኤፕሪል 20 እንደዋለው፤ አንዳንዴ አንድ ሳምንት ይዘገያል፣ አንዳንዴም አራት አምስት ሳምንት። 2024 ላይ የእነሱ ማርች 31 ነበር፣ የእኛ ሜይ 5። ስለዚህ ካሌንደሩን አስቀድመሽ እዪ። የአንድ ሳምንት ልዩነት ከሆነ እንቁላሉንም በጉንም ያኔ ግዢ። አምስት ሳምንት ከሆነ በጉን ፍሪዘር አስገቢ፣ እንቁላሉን ተዪው፤ እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ነው፣ ለዶሮ ወጥ ጫፍ ላይ የደረሰ እንቁላል አይሆንም። ሙሉ ዶሮ ፍሪዘር ውስጥ ዓመት ይቆያል። የተፈጨ ሥጋ ግን ከሦስት አራት ወር በላይ ጣዕሙ ይሄዳል።

ሽንኩርት እንዳታከማቺ። ስንት ኪሎ እንደምንፈጅ አውቃለሁ፣ ግን አፓርትመንት ውስጥ ማሞቂያ ሲከፈት ቶሎ ይበቅላል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቅቤው ነገር ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ኅዳር ላይ እርስዎ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።

ካሸሯ

እኔ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ፣ ከዚህ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

ኩፖኑ ላይ በትንንሹ የተጻፈውን አንብቡ። «በአንድ ዕቃ አንድ ኩፖን» ማለት ከአንድ ሻምፑ ላይ አንድ የአምራች ኩፖን ብቻ ነው የሚነሳው። አራት ሻምፑ ከያዝሽ አራት ኩፖን ልትሰጪ ትችያለሽ፣ ግን «በአንድ ግዢ ከዚህ ቁጥር በላይ ተመሳሳይ ኩፖን አይቻልም» የሚልም አለ። አፕ ላይ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ይኼን ሳታዩ አሥር ዕቃ ይዛችሁ ብትመጡ ሰልፉ ላይ ነው የምትሸማቀቁት፣ እኔም መመለስ አልወድም። ስለዚህ የምታከማቹትን መጠን ግማሹን የሚወስነው ኩፖኑ ራሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አደራ የምላችሁ፣ መደርደሪያውን ባዶ አታድርጉ። በተለይ የሕፃን ፎርሙላ (የዱቄት ወተት)። በዊክ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው እናቶችና ሕፃናት በሚሰጠው የምግብ ድጎማ) የምትገዛ እናት የፈለገችውን መምረጥ አትችልም፤ ክፍለ ሀገሩ ውል ያለው ብራንድና የተፈቀደው የጣሳ መጠን ነው የሚሸጥላት። ያ ጣሳ ከሌለ ከአጠገቡ ያለውን ላንሳ ብትል ማሽኑ አይቀበላትም። ልጅ ታቅፋ፣ በአውቶብስ መጥታ፣ ባዶ እጇን የምትመለስ እናት አይቻለሁ። ያን ቀን ጠዋት አንድ ሰው በቅናሽ ስምንት ጣሳ ወስዶ ነበር። ዕቃው ካለቀባችሁ ደግሞ አትበሳጩ፣ ሬን ቼክ ጠይቁ፤ በሚሰጡ ሱቆች ዕቃው ሲመጣ በቅናሹ ዋጋ ትገዛላችሁ። ብዙ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ማናጀሩን አነጋግሩ፣ ያዙላችኋል።

ሻንጣ ሞልቶ

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ብዙዎቻችን የምናከማቸው ለራሳችን ብቻ አይደለም፣ ለአገር ቤት ነው። በዚህ ክረምት ትሄዳላችሁ ወይ? ካልሄዳችሁ «አንድ ቀን ስሄድ» ብላችሁ አታስቀምጡ። ከሄዳችሁ ከኪሎው ተነሱ። ኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተኑ ዱለስ ኤርፖርት በኢኮኖሚ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሻምፑና ፈሳሽ ሳሙና ውኃ ነው፣ ኪሎ ይበላል፣ ፈሶ ልብስም ያበላሻል። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ እነዚህ ቀላልና ለሰው የሚጠቅሙ ናቸው። ቫይታሚንና የሕመም ማስታገሻ ከሆነ ቀኑ ቢያንስ ዓመት የቀረው ይሁን፤ ለእናታችሁ የሰጣችሁት መድኃኒት በሁለት ወር ኤክስፓየር ቢያደርግ ምን ዋጋ አለው? አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት መያዝ ደግሞ ጉምሩክ ላይ «ለንግድ ነው ወይ?» ያስብላል፣ አሰባጥሩት። ለሻንጣ የምትገዙትንም ለብቻው ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ፣ ከቤቱ ጋር ከተቀላቀለ ሒሳባችሁ ይጠፋባችኋል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ካሸሯ ያለችው ልቤን ነካው። እንግዲህ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጡት እያጠባሁ ፎርሙላም እጨምርለታለሁ፣ ከኩባንያው ኩፖን በፖስታ ይመጣልኛል። ስንት ጣሳ ባስቀምጥ ይሻላል?

ካሸሯ

ልጅሽ 8 ወሩ ነው ብለሻል። ዓመት ሲሞላው ሐኪሙ ወደ ላም ወተት እንድታሸጋግሪው ይነግርሻል፣ እስከዚያም ምግብ እየጨመረ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ፍላጎቱ እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አይመጣም። ጡትም ስላለ ከከፈትሽው ሌላ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጣሳ ይበቃሻል። የተከፈተ ዱቄት ከአንድ ወር በላይ አይቆይም፣ ክዳኑ ላይ የከፈትሽበትን ቀን ጻፊ። የፎርሙላ ቀን እንደ ሌላው ምግብ አይደለም፣ እዚህ አገር በሕግ የግድ የሚጻፍ ነው፣ ካለፈ አትስጪው። ስትገዢም ጣሳውን ገልብጠሽ ታቹን እዪ፤ ቀኑ የራቀው ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው የሚደረደረው።