የወረዳ በጀት ትኩረት ለምን ይቀየራል?

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በእኛ ወረዳ ቀደም ሲል ስለ በጀት ሲነሳ ንግግሩ ሁሉ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ስለመገንባት ነበር፤ ዛሬ ግን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ስመለከት አብዛኛው ገንዘብ ለደመወዝ ተይዟል። ትኩረቱ በምን ምክንያት ተቀየረ?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)፦ በ1994 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት ለወረዳዎች ጥቅል በጀት በቀመር ማከፋፈል ሲጀምር፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የመወሰን ሥልጣን በአመዛኙ ለወረዳው ምክር ቤት ተላለፈ። ይሁንና የተገነባ ትምህርት ቤት መምህር፣ የተከፈተ ጤና ኬላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የትናንቱ የካፒታል (የግንባታ) ወጪ የዛሬውን መደበኛ ወጪ፣ ማለትም ደመወዝንና ሥራ ማስኬጃን፣ ወለደ፤ ደመወዝ ደግሞ በየወሩ የሚከፈል ግዴታ በመሆኑ እንደ መንገድ ሥራ ለከርሞ አይተላለፍም። እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ማነሱ ነው። የግብርና ባለሙያው ተቀጥሮ ለሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን ካጣ፣ እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ በምን ይሄዳል?

መልስ (ከዳንግላ)፦ ግንባታው በከፊል ወደ ሕዝብ መዋጮ መዞሩንም ልጨምር። በእኛ ቀበሌ ወላጆች ድንጋይና አሸዋ አቅርበው በጉልበታቸው ያቆሙት የመማሪያ ክፍል አለ፤ ይህን ድርሻ በተለጠፈው የበጀት ሠንጠረዥ ላይ አላየሁትም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ጥያቄያችሁን ምክር ቤቱ በጀቱን ከማጽደቁ በፊት አቅርቡ።