ገዥ የነበረ ሰው ዩኒቨርሲቲ መምራት ይችላል? የሚች ዳንኤልስ ነገር

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ፐርዱ ለመግባት ልታመለክት ነው፣ እኔ እናቷ ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲው ሳነብ ሚች ዳንኤልስ የሚባል የአሜሪካዋ የኢንዲያና ግዛት ገዥ የነበረ ሰውዬ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2022 ፕሬዚዳንት እንደነበረ አየሁ። የፖለቲካ ሰው ነው፣ የተማረውም ሕግ። እንዴት ነው ነገሩ? በሹመት ተቀምጦ ነው ወይስ የሠራው ሥራ አለ?

መልስ 1፦
ሠርቷል እንጂ! ገና እንደገባ የትምህርት ክፍያ ጭማሪ አስቆመ። ለኢንዲያና ነዋሪ ልጆች የዓመቱ ክፍያ 9,992 ዶላር ላይ ቀጥ አለ፣ እሱ እስኪወጣ ንቅንቅ የለም። ወላጅ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

መልስ 2፦
ቆይ ቆይ፣ አመራረጡንም እናውራ እንጂ። በ2012 ሲመረጥ ገና ገዥ ነው፤ የመረጡት የቦርድ አባላት ደግሞ ራሱ የሾማቸው ወይም ሹመታቸውን ያደሰላቸው ናቸው። እከክልኝ ልከክልህ ማለት ይሄ ነው። በ2017 ደግሞ ካፕላን የሚባለውን ለትርፍ የሚሠራ የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ልጠቅልል ብሎ ተነሳ፣ መምህራኑ ሳያማክረን ብለው ተቃወሙ፣ እሱ ግን ገፋበት። አሁን ፐርዱ ግሎባል የሚባለው እሱ ነው።

መልስ 3፦
ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። ሰውዬው ከገዥነቱ በፊት የትንሹ ቡሽ የበጀት ኃላፊ ነበር፣ ሒሳብ ላይ ቀልድ አያውቅም። የራሱም ደሞዝ ከፊሉ ውጤት ሲታይ ብቻ የሚከፈል ነበር፣ ይሄን ወድጄለታለሁ። ግን ክፍያው ባለበት የቆመው ተማሪው እየበዛ ስለሄደም ጭምር ነው፣ ዋናው ግቢ ባለበት በዌስት ላፋየት ከተማ መኝታ ጠቦ ልጆች ጊዜያዊ ክፍል ውስጥ ያደሩበት ዓመት አለ። እህቴ፣ ልጅሽን ከተቀበሏት ለዶርሙ ቀደም ብላ ትመዝገብ።