እማዬን ባይብል ሙዚየም ልውሰዳት ወይስ ይቅርባት?

የደብረ ብርሃኗ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን ከመጣች አራት ወሯ ነው። 71 ዓመቷ ነው። ልጄን እያጠበች፣ አጥሚቱን እያፈላች ቤቱን ቀጥ አድርጋ ይዛልኛለች። ግን ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ምንም አላየችም። እኔ ማታ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ቀን። ልትመለስ አምስት ሳምንት ቀርቷታል። አገር ቤት ስትገባ ጎረቤት "አሜሪካ ምን አየሽ?" ሲላት ስለ ሱፐርማርኬት ብቻ እንድታወራ አልፈልግም።

ኋይት ሐውስን አሳየኋት። "ጥሩ ነው" ብላ ዝም አለች። ዲሲ ባለው ባይብል ሙዚየም ውስጥ በጌታ ዘመን የነበረችውን ናዝሬት አስመስለው ሠርተዋታል፣ ሰው ውስጧ ገብቶ ይዘዋወራል ስላት ግን ዓይኗ በራ። መጀመሪያ አዳማን የምል መስሏት ነበር።

የሚያሳስበኝ ጉልበቷ ነው። አሥር ደቂቃ ከቆመች ያብጣል። ደግሞ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። እንግሊዝኛ አትሰማም፣ እኔ ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ እውቀቴ ትንሽ ስለሆነ ማስተርጎሙን ፈርቼዋለሁ። "ይሄ የጴንጤ ነው" ብላ እንዳይከፋትም ሰጋሁ። ያያችሁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።


ባለ ታክሲው

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

እዚያ ሰው ሳደርስ ዓመታት አልፈውኛል። እናቴንም ወስጃታለሁ። የምትፈልጊው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ብሉይ ኪዳንን የሚያሳዩበት ክፍል አለ። በጨለማ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ነው የሚኬደው፤ የኖኅ መርከብ፣ ቀስተ ደመናው፣ ቀይ ባሕሩ። በሩ ሲከፈት ታልፊያለሽ፣ ሲዘጋ ቆመሽ ትሰሚያለሽ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ድምፁ ያንቀጠቅጣል። ለልጆች ግሩም ነው፣ ለእማማ ግን አልመክርም። እናቴ መሃል ላይ እጄን ጨምድዳ ይዛ "መብራት አብሩልን በላቸው" አለችኝ።

የናዝሬቷ መንደር ሌላ ነገር ናት። ብርሃን አላት። የድንጋይ ቤቶች፣ የወይራ ዛፍ፣ ምኩራብ አሉ። የዘመኑን ልብስ የለበሱ ሰዎች ቆመው ያስረዳሉ። ማንም "ቶሎ በሉ" አይልሽም። በቀጥታ ወደሷ ውሰጃቸው። ጉልበት ከተረፈ ደግሞ የአዲስ ኪዳኑን ፊልም ተቀምጠው ያያሉ፣ ስክሪኑ ፊትና ጎኑን ይከባል።

ሊፍት አለ። በባቡር ከሆነ ሬድ ላይን ይዘሽ ሜትሮ ሴንተር ላይ ቀይሪ፣ ፌደራል ሴንተር ኤስ ደብሊው ውረጂ። ከዚያ ቅርብ ነው። እኔን ካማከርሽኝ ግን ለጉልበታቸው ስትዪ በመኪና ሂጂ።


ዲያቆን ከቨርጂኒያ

ቅዳሜ ውሰጃቸው። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት መከልከል ነው እንጂ እህል ውሃ አይከለከልም። ቁርስ በልተው፣ ጠዋት ልክ ሲከፈት ግቡ።

ስለ ጴንጤነቱ፦ ሙዚየሙን በፈረንጆቹ 2017 የከፈቱት ሆቢ ሎቢ የሚባለው የዕደ ጥበብ ዕቃ መደብር ባለቤቶች፣ የግሪን ቤተሰብ ናቸው። ወንጌላውያን ናቸው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግን የሚሰብክሽ የለም። መንደሯ ውስጥ ጌታን መስሎ የሚቆም ተዋናይ እንኳ የለም፤ የምታሳየው ያደገበትን ዓለም ነው። ይህ ለእኔ አክብሮት ነው።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። የሙት ባሕር ጥቅልሎች (በሙት ባሕር ዳር የተገኙት ጥንታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ብራናዎች) ቁራጭ ናቸው ተብለው የተገዙ 16 ብራናዎች ነበሯቸው። 16ቱም ሐሰተኛ መሆናቸውን በ2020 ራሱ ሙዚየሙ አስመርምሮ አሳወቀ። መናገራቸውን አመሰግናለሁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ "ቅጂ" ወይም "ኦሪጅናል" የሚለውን ሳላነብ ከምንም ነገር ፊት አልቆምም። ቅጂ ነውር አይደለም፣ ታቦት ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ሰው ግን የቆመበትን ይወቅ። እውነተኞቹ ጥቅልሎች ቁምራን ዋሻዎች ውስጥ የተገኙት ናቸው። እኛ በግዕዝ ሙሉውን ጠብቀን ያቆየነው መጽሐፈ ሄኖክም በአራማይክ ቁርጥራጩ እዚያ ተገኝቷል። ይህን ለእማማ ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የመጊዶን ወለል ሳያዩ እንዳትወጡ። በ2024 ከእስራኤል በውሰት ለጊዜው ብቻ የመጣ ነው፣ አለመመለሱን አረጋግጣችሁ ድረሱበት። ይሄ ኦሪጅናል ነው። በ2005 መጊዶ እስር ቤት ግቢ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ፣ በጥቃቅን ጠጠር የተሠራ የጸሎት ቤት ወለል። ዕድሜው ወደ 230 ዓ.ም. ግድም ነው። ቆስጠንጢኖስና ሊኪንዮስ በ313 ክርስትናን ከመፍቀዳቸው ከ80 ዓመት በላይ ይቀድማል። ጽሑፉ ግሪክ ነው፣ ትርጉሙን ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።


ተሳላሚዋ

የዲሲዋን አላየሁም። እኔ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ስሳለም ራሷ ናዝሬት ያለችውን የናዝሬት መንደር ነው ያየሁት። እሷም በጌታ ዘመን ልክ የተሠራች ናት። ሸማኔው ይሸምናል፣ አናጢው ይጠርባል፣ በግና አህያ አለ። የወይን መጭመቂያው ግን ዛሬ የተሠራ አይደለም። ከዓለቱ ላይ የተፈለፈለ ጥንታዊ መጭመቂያ ነው። ወይኑን በእግር የሚረግጡበት ጠፍጣፋ ቦታና ጭማቂው የሚወርድበት ጉድጓድ ይታያል።

እኔን ያስለቀሰኝ የበጎቹ ሽታ ነው። ጌታዬ ያደገው በዚህ ሽታ ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩ። እህቴ፣ ማስተርጎሙን አትፍሪው። አንቺ ዝም በይ፣ እሳቸው ይጠይቁሽ።


የደብረ ብርሃኗ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሄድን! ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ፍርፍሯን በልታ፣ ልጁን ለአባቱ ትተን ወጣን። ከጓደኛዬ ዊልቸር ተውሼ ነበር። ጨለማውን ክፍል አለፍነው። በቀጥታ መንደሯ።

እማዬ ከዊልቸሩ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ ተከናነበች። አንዱ የድንጋይ ቤት ደጃፍ ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። "እማ፣ ይሄ እኮ አሁን የተሠራ ነው" አልኳት። "አውቃለሁ። የእመቤታችን ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቂልኝ" አለችኝ። እዚያ የቆመችው፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴትዮ የማንም ቤት ተብሎ እንዳልተሠራ፣ የዚያን ዘመን ሰው ቤት እንደሚያሳይ አስረዳችን። ተረጎምኩላት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ጫማዋን ግን አላጠለቀችም።

ከዚያ በሩን በዓይኗ ለካችው። "ጠባብ ነው። እንስራ ያዘለች ሴት በዚህ እንዴት ትገባለች?" እጆቿን ወደ ኋላ አዙራ ገመዱን እንደያዘች ሆነች። ጎንበስ አለች፣ በጎኗ ዞረች፣ አንድ እግሯን አስገባች። "እንዲህ ከሆነ ይሆናል" አለች። ሴትዮዋ ቆማ ስታያት ቆየችና ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቀችኝ። እማዬ በልጅነቷ ከወንዝ ውሃ ስትቀዳ የኖረችውን፣ እንስራው እንዴት እንደሚታዘል፣ ውሃው እንዳይፈስ ቅጠል አፉ ላይ እንደሚደረግ ተናገረች። እኔ ማስተርጎም የፈራሁት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነበር። የደከምኩት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ነው። ሴትዮዋ በመጨረሻ እጇን ይዛ ሳመቻት።

ጉልበቷ? አንድም ጊዜ አላነሳችውም። ማታ ግን በቅባት አሸሁላት።

የመጊዶው ወለል ጋ በዊልቸሩ ነው የወሰድኳት። ዲያቆን፣ እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ እናልፈው ነበር። መሃሉ ላይ ሁለት ዓሣ አለ። ወለሉን በገንዘቡ ያሠራው ጋያኖስ የሚባል የሮም መቶ አለቃ ነው። "ወንድማችን" ይለዋል ጽሑፉ። ይህን ስነግራት "ወታደር ሆኖ!" አለች። ከዚያ ሌላውን አነበብኩላት፦ እግዚአብሔርን የምትወድ አኬፕቱስ የምትባል ሴት ማዕዱን ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ ለመታሰቢያ አቀረበች ይላል።

"ዝክር ነዋ!" አለች እማዬ፣ ጮክ ብላ። ሰው ሁሉ ዞረ። "ዝክር አውጥታ ነው። እኛ በሰባት በሰባት እንደምናደርገው።"

ቀጥሎ የአራት ሴቶች ስም አለ። ፕሪሚላን፣ ኪርያካን፣ ዶሮቴያን፣ ደግሞም ክሬስቴን አስቡ ይላል። እማዬ ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከስማቸው በቀር የተጻፈ ነገር የለም አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ድገሚልኝ" አለች። ደገምኩ። እሷም አንድ በአንድ ከኋላዬ አለቻቸው። ክሬስቴ አስቸገራት፣ ሦስቴ ሞከረችው።

ከቦርሳዬ ደረሰኝ አውጥቼ በጀርባው ስማቸውን በአማርኛ ጻፍኩላት። አጣጥፋ ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ አስገባችው። ደብረ ብርሃን ስትገባ፣ የሥላሴ ጽዋ ተራዋ ሲደርስ፣ ቄሱ ከአባቴና ከእህቷ ስም ቀጥለው እንዲጠሯቸው ልትሰጣቸው ነው።