ስትሩድል ላይ ድምፅ ስጨምር ቢቱ ለምን ይቸኩላል?

ጀማሪ_ቢት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስትሩድል ላይ በኮድ ቢት መስራት ጀምሬ ሁለት ነገር ግራ አጋባኝ። «ኪክ ሃት ስኔር ሃት» ስል አሪፍ ይሄዳል (ስልክ ላይ ስለሆንኩ የከበሮ ድምፆቹን ስም በአማርኛ ነው የጻፍኩት)። መጨረሻው ላይ ሁለት ሃት ስጨምርበት ግን ቴምፖውን ሳልነካው ሁሉም ነገር ይጣደፋል። ሌላው፣ ከስር ቤዝ ስጽፍ ከበሮው ጭጭ ይልና ቤዙ ብቻ ይቀራል። አብረው እንዲሄዱ ምን ላድርግ?

ሉፕ_ወዳጅ፦
ምንም አልተበላሸብህም፣ አሰራሩ ነው። ስትሩድል ታይዳል ሳይክልስ የሚባለውን በኮድ ሙዚቃ መስሪያ ሐሳብ ከሃስኬል ወደ ጃቫስክሪፕት (ሁለቱም የፕሮግራም ቋንቋ ናቸው) አምጥቶ ብሮውዘር ላይ እንዲሰራ ያደረገ ነው፤ ስትሩድልም ታይዳልም የሚያስቡት በምት ሳይሆን በዙር ነው። የዙሩ ርዝመት ካልቀየርከው 2 ሰከንድ ነው። 4 ድምፅ ከጻፍክ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰከንድ ይደርሰዋል፣ 6 ከጻፍክ ያችው 2 ሰከንድ ለስድስት ትከፈላለች፣ ስለዚህ ይጣደፋል። የጨመርካቸውን አራተኛው ቦታ ላይ ካለው ሃት ጋር በአራት ማዕዘን ቅንፍ እሰራቸው፦

«ኪክ ሃት ስኔር [ሃት ሃት ሃት]»

አሁን ሦስቱ የአንዱን ቦታ ይጋራሉ፣ ኪኩና ስኔሩ ንቅንቅ አይሉም። ሲያጥር «ሃት*3» ብትለውም ያው ነው።

ዝም_አይልም፦
የቤዙ ነገር ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ዶላርና ሁለት ነጥብ አድርግ፣ እንዲህ፦ $: ። ያለዚያ የመጨረሻውን ብቻ ነው የሚያጫውተው። ከዶላሩ በፊት _ ከጨመርክ ደግሞ ኮዱን ሳታጠፋው መስመሩ ዝም ይላል። ሰው ፊት ስትጫወት ከበሮውን አውጥቶ ለመመለስ ከዚህ የሚሻል የለም። በኮምፒውተር ከሆነ ለውጡን ለማስጀመር ኮንትሮልና ኢንተር፣ ለማቆም ኮንትሮልና ነጥብ።

ስሊፕ_በቃኝ፦
እኔ ብሆን ሶኒክ ፓይ የሚባለውን ሌላ በኮድ ሙዚቃ መስሪያ ነበር የምለው። እዛ ጊዜው የሚንቀሳቀሰው «ስሊፕ» (ይህን ያህል ጠብቅ) ባልክ ቁጥር ስለሆነ ድምፅ ከነስሊፑ ስትጨምር ሉፑ ይረዝማል እንጂ አይጣደፍም። ለጀማሪ ይቀላል።

ሉፕ_ወዳጅ፦
ይቀላል፣ ግን ሁለት ሉፕ ርዝመታቸው ከተለያየ እየተንሸራተቱ ይሄዱብሃል። ደግሞ ሰውዬው የጠየቀው ስለ ስትሩድል ነው 😄

ጀማሪ_ቢት፦
ሁለቱም ሰራ፣ እጃችሁ ይባረክ! ሦስቱ ሃት ግን በየዙሩ ሲመጣ ይሰለቻል። በአራት ዙር አንዴ ብቻ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል? ቴምፖውንም ትንሽ ማርገብ ፈልጌ ነበር።

ዝም_አይልም፦
ይቻላል። ሹል ቅንፍ ውስጥ ያለ ነገር በየዙሩ ተራ በተራ ነው የሚወጣው፦

«ኪክ ሃት ስኔር <ሃት ሃት ሃት ሃት*3>»

ሦስት ዙር እንደነበረው ይሄዳል፣ አራተኛው ላይ ይንደቀደቃል። ለቴምፖው ከላይ ሴትሲፒኤም(90/4) በል (በእንግሊዝኛ ፊደል setcpm ነው)። በደቂቃ 90 ምት፣ በዙር አራት ምት ማለት ነው። አሁን ያለህ 120/4 ነው።

ክብ_ምት፦
አራት እኩል ምት ሲሰለችህ ደግሞ «ኪክ(3,8)» ሞክር። ዙሩን 8 ቦታ ከፍሎ ሦስት ኪክ በተቻለ መጠን እኩል ይበትናል፤ 1ኛው፣ 4ኛውና 7ኛው ላይ ይወድቃሉ። ጎድፍሪድ ቱሴይን የሚባል ተመራማሪ በ2005 ይህ የዩክሊድ ስሌት ብዙ የዓለም ሪትሞችን እንደሚያወጣ አሳይቷል። (5,8)ንም ስማው። ሦስተኛ ቁጥር ካከልክበት፣ ለምሳሌ (3,8,2)፣ መነሻውን ያዞረዋል። ሃቱን በአንዱ፣ ኪኩን በሌላው አድርገህ አብረህ አስኪዳቸው።