«ዓሣ ነባሪ ሻርክ» ይባላል እንዴ?

ደንገል፦ ሰላም የቃላት ወዳጆች። እዚህ ባሕር ዳር ለልጆች ንባብ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ ትልልቆቹ ሻርኮች ነው፤ ዛሬም ያሉት፣ ድሮ የጠፉትም ይገባሉ። «ዌል ሻርክ» ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ዌል» በእንግሊዝኛ ዓሣ ነባሪ ስለሆነ አንዳንዱ «ዓሣ ነባሪ ሻርክ» ይለዋል። ልጆቹ ይህን ካዩ «ዓሣ ነባሪ ነው ወይስ ሻርክ?» ብለው ያፋጥጡኛል። ምን ልበለው? ደግሞ «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለውን መግቢያ ባደርገው ይሄዳል?

የዓሣ ተማሪ፦ ልጆቹ ልክ ናቸው። ዌል ሻርክ ዓሣ ነው፤ ከውሃ ሳይወጣ በስንጥቡ ይተነፍሳል። ዓሣ ነባሪ ግን ስሙ እንጂ ዓሣ አይደለም። ሳንባ አለው፣ አየር ለመሳብ ብቅ ይላል፣ ግልገሉን ያጠባል። ሻርኩ «ዌል» የተባለው በግዝፈቱና እንደ አንዳንዶቹ ዓሣ ነባሪዎች ምግቡን ከውሃ አጣርቶ ስለሚበላ ነው። ዛሬ ካሉት ዓሦች ሁሉ የሚበልጠው የለም። የከተማ አውቶቡስ የሚያህል፣ 12 ሜትር ገደማ የሚሆን ያጋጥማል። በደንብ ከተለኩት ውስጥ ትልቁ 18.8 ሜትር ነበር።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ነባሪ» የሚለውም ራሱ ይታይ። የቀድሞው ቃል «አንበሪ» ነው። ዘፍጥረት ላይ ታላላቅ አንበሪዎች ተፈጠሩ ይላል፤ ማቴዎስም ስለ ዮናስ ሲያነሣ «ዓሣ አንበሪ» ይላል። ዓረቦችም «ዐንበር» ይላሉ፤ እንስሳውንም ከሆዱ የሚወጣውን ሽቶ የሚሠራበትን ነገርም። እኛ ጋ ጆሮ የማያውቀውን «አንበሪ» ወደሚያውቀው «ነባሪ» ሳበው ባይ ነኝ። ስለዚህ ከ«መኖር» ጋር አገናኝተው «ዓሣ ሆኖ የሚኖር» እያሉ የሚፈቱትን አልቀበልም።

ባጃጅ 07፦ ጋሼ፣ ታዲያ ዮናስን የዋጠው ሻርክ ሊሆን ይችላል ማለት ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ትንቢተ ዮናስ «ታላቅ ዓሣ» ብሎ ያልፋል። የምን ዘር እንደሆነ አልነገረንም፤ እኛም አንጨምርበት።

የዓሣ ተማሪ፦ ዌል ሻርክን ግን ከጥርጣሬው አውጡት። አፉ ከአንድ ሜትር በላይ ይከፈታል፤ ጉሮሮው ግን ጠባብ ነው፣ ሰው አያሳልፍም። የሚበላው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን፣ የዓሣ እንቁላልንና ትንንሽ ዓሦችን ነው። «ትልቅ ዓሣ ትንሹን ይውጣል» የሚለውን ሰዎች ለጉልበተኛ ይጠቀሙበታል አይደል? ትልቁ ዓሣ ትንሹን መዋጡ እውነት ነው፤ ግን በጥርስ አይደለም። ሌላው ቀርቶ የራሳችን ጣና ውስጥ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ የነጭ ዓሣ ዘሮች መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ የላቸውም። የሚያደቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ነው።

ደንገል፦ ይሄ ግሩም ነው፣ ለልጆቹ እጨምረዋለሁ። ስሙስ?

ፊደል ቆጣሪ፦ እኔ ከመልኩ ብንነሣ እመርጣለሁ። ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው። ኬንያ ውስጥ በስዋሂሊ «ፓፓ ሺሊንጊ» ይሉታል፤ ፓፓ ሻርክ ነው፣ ነጠብጣቡ ፈጣሪ የበተነበት ሽልንግ ነው ብለው ያወራሉ። ዓረቦች ደግሞ ሻርክን «ቂርሽ» ነው የሚሉት፤ የገንዘብ ስማቸውም «ቂርሽ» ነው። የሁለቱ ምንጭ ለየብቻ ነው፤ ገንዘቡ በቱርክ በኩል ከአውሮፓ የመጣ ነው። እኛ ጋ ገንዘቡ «ግርሽ» ሆኖ ገባ፤ በምኒልክ ጊዜ ብር የሚመነዘረው በግርሽ ነበር። እንግዲህ «ባለግርሽ ሻርክ» ብንለው ምን ይጎድለዋል?

ባጃጅ 07፦ ጋሼ ሙት፣ የአሁን ልጅ ግርሽን ከየት ያውቀዋል? ሳንቲም እንኳን ታክሲ ውስጥ መልስ የሚሰጥህ የለም። «ባለ ነጠብጣብ» ይበቃል።

የዓሣ ተማሪ፦ ነጠብጣቡ ላይ ብታተኩሩ እኔም ደስ ይለኛል። አንዱ ዌል ሻርክ ከሌላው የሚለየው በእሱ ነው፤ እንደ ጣት አሻራ አይመሳሰልም። ተመራማሪዎች ፎቶ እያስተያዩ ይለዩዋቸዋል። የሚጠቀሙበት ስሌት መነሻው የከዋክብት ፎቶ ለማስተያየት የተሠራ ነው። ሩቅ አገር አይምሰላችሁ፣ ጅቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ በየዓመቱ ይመጣሉ። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው።

ደንገል፦ የጠፋውስ? «ሜጋሎዶን» በግሪክኛ «ትልቅ ጥርስ» ማለት እንደሆነ አይቻለሁ። ይተርጎም ወይስ ይቅር?

ፊደል ቆጣሪ፦ በግእዝ «ዐቢየ ስን» ይመጣል፤ ጥርስ «ስን» ነውና። ለጆሮ ያምራል፤ ግን ልጅ ሲፈልገው የትም አያገኘውም። «ሜጋሎዶን» ብለሽ ጻፊና ፍቺውን ከሥሩ አስቀምጪለት።

የዓሣ ተማሪ፦ በጥርሱ መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የሻርክ አፅም ጆሯችን የተሠራበት ዓይነት ልም አጥንት ስለሆነ ሲሞት ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን ይቀራል፣ ሻርክም ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ይቀያይራል። የሜጋሎዶን ጥርስ እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከጥርስ ሌላ የተገኘው ጥቂት የአከርካሪ አጥንት ነው፤ ርዝመቱ ላይ ክርክር የማያልቀው ለዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሜትር ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት 24 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ገምቷል። ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል። እና ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሜጋሎዶን አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ቢቆም ጭራው ከውሃ በላይ ይቀራል።

ባጃጅ 07፦ 😂 ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሄደው ጀልባ ላይ ሆኜ ይህን አሰብኩት። ጥርስ ውስጥ መግባት ማለት ያኔ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ በነገራችን ላይ የድሮ አውሮፓውያን እነዚህን ጥርሶች ከአለት ውስጥ ሲያገኙ የድንጋይ ምላስ ይመስሏቸው ነበር፤ ስማቸውም «የምላስ ድንጋይ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1667 ስቴኖ የሚባል የዴንማርክ ሰው የሻርክ ራስ ከፍቶ ካየ በኋላ ጥርስ መሆናቸውን ጻፈ። ስሙ ብቻ ስንት ዘመን እንዳሳሳተ እዩ። «ዓሣ ነባሪ ሻርክ» አትበሉ የምለው ለዚህ ነው።

ደንገል፦ እሺ ጋሼ። ቀሪዎቹን በአጭሩ ንገሩኝ፤ «ባስኪንግ» እና «ሜጋማውዝ»።

የዓሣ ተማሪ፦ ባስኪንግ በትልቅነት ሁለተኛው ነው፣ ከ12 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ተለክቷል። እሱም አጣሪ ነው። ሜጋማውዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ሃዋይ አጠገብ እስኪያዝ ድረስ ሳይንስ አያውቀውም ነበር።

ፊደል ቆጣሪ፦ የመጀመሪያው ሳይታሰብ ይመጣል፤ «ፀሐይ ሞቂ ሻርክ»። ውሃው ፊት ላይ ቀስ እያለ ስለሚሄድ ነው የተባለው፣ አማርኛውም ያንኑ ይላል። ሁለተኛው «አፈ ሰፊ»። «አፈ ትልቅ» አትበዪ፣ ለፍላፊ ያስመስለዋል።

ደንገል፦ ተረቱን ግን ረሳችሁት።

ፊደል ቆጣሪ፦ አልረሳሁም። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ትልቁን ሳያይ በትንሹ ለሚደነቅ ሰው የሚባል ነው። ትንሽ ንቀት አለበት፤ አድማጩን «አላየህም» ማለት ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይሁን። የባሕር ዳር ልጅ ግን ትምህርት ቤት ሲመላለስ ዓባይን በድልድዩ ይሻገራል። «ዓባይን ያያችሁ ልጆች፣ ባሕር ውስጥ ያለውን ደግሞ እዩ» ብለሽ ገልብጪው።

ደንገል፦ ወሰድኩት። ስሙን ደግሞ እንዲህ ልጽፈው ነው፦ «ዌል ሻርክ (ባለ ነጠብጣብ ሻርክ)። ዓሣ ነው እንጂ ዓሣ ነባሪ አይደለም። ከዛሬ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው።» ግርሹ ከሥዕሉ በታች ከኬንያው ታሪክ ጋር ይገባል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ከሥዕሉ በታች? ርዕስ ላይ ነው እንጂ! ደግሞ «ባለነጠብጣብ» ግጠሚው፣ አትለያዪው።

ባጃጅ 07፦ ይለያያል ጋሼ። ለዚህ ደግሞ ሌላ ርዕስ ክፈቱለት።