የዕቅድ ውይይት፦ የስዊንግ ጊታር ዝግጅት በደሴ

ጸሐፊ፦ ሰላም ውዶቼ። ፕሮፖዛሉ እስከ ዓርብ መግባት አለበት። ሐሳቡን ታውቁታላችሁ፤ ሦስቱ ልጆቻችን በሁለት ጊታርና በአንድ ቤዝ የስዊንግ ምሽት ያቀርባሉ፤ ያ ምቱ የሚያወዛውዘው ጃዝ። ከዚያ በፊት ለጀማሪዎች ሥልጠና ይሰጣሉ። የተከፋፈልነው አንድ ነገር ላይ ነው። ልጆቹ የጀመሩት በፓንክ ሮክ፣ በዚያ ፈጣንና ጩኸታም ሮክ ነው። ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ «ይቅር» ነው የምለው። ፓንክ የሚል ያነበበ ኃላፊ ጩኸትና ረብሻ ነው የሚታየው። አዳራሽ እንዳንከለከል።

ሪትም ጊታር፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን እኔን ሪትም ያስተማረኝ ፓንክ ነው። ራሞንስ የሚባለው የፓንክ ባንድ ጊታሪስት ጆኒ ራሞን ጊታሩን ወደ ታች ወደ ታች ነበር የሚመታው፣ ያውም በዚያ ፍጥነት። እሱን ልምሰል ብዬ ክንዴ እስኪዝል ለፍቻለሁ። ዛሬ ስዊንግ ላይ የሚያዘልቀኝ ያው ክንድ ነው። ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርትና ቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ በ1934 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የጀመሩት ባንድ ድራም አልነበረውም። ሦስት ጊታር፣ ቫዮሊንና ቤዝ፣ በቃ። የድራሙን ሥራ የሚሠራው የሪትም ጊታሩ ቀኝ እጅ ነው። ከየአራቱ ምት ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ግራ እጅ ክሩን ላላ ያደርገዋል፤ ድምፁ «ጭክ» ብሎ ይቆረጣል። ሥልጠናው ከዚህች «ጭክ» ይጀምርልኝ።

የኮምቦልቻ አባል፦ ልጁ ልክ ነው፣ ይጻፍ። የጃንጎ እጅም ይነገር። በ1928 እ.ኤ.አ. ጋሪ ቤቱ ተቃጥሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎዱ። ያን ሁሉ ሶሎ የተጫወተው በአብዛኛው በቀሩት ሁለት ጣቶች ነው። ጣቴ አጭር ነው ብሎ ጊታር የተወ ልጅ አውቃለሁ፤ ይህን ቢሰማ ኖሮ እላለሁ። ሌላው ሰዓቱ ነው። ምሽት አይሁን። ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ የሀረጎን ቁልቁለት በጉም መውረድ ለኛ ከባድ ነው። ቅዳሜ 8 ሰዓት ጀምረን 11 ላይ እንጨርስ።

የክራር መምህርት፦ አምባሰልስ? ባቲም አምባሰልም ስማቸው የኛው አገር ስም ነው። ወሎ ላይ ተጫውቶ አንድ አምባሰል ሳያሰሙ መውረድ አይሆንም። ግን በኮርድ፣ አንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች፣ አታጨናንቁት። ልምምድ ላይ ሰምቻችኋለሁ፤ ኮርዱ በየምቱ ሲቀያየር ዜማው መተንፈሻ አጣ። አንዷን ይዛችሁ ቆዩ። ክራሩን እኔ እመታለሁ።

ቤዝ፦ እሺ እትዬ፣ ዛሬውኑ እንሞክረዋለን። ከበጀቱ ግን አንድ ነገር አትቀንሱብን። ባለፈው ልምምድ መሐል መብራት ሲጠፋ ሁለቱ ጊታሮች ቀጠሉ፣ የኔ ቤዝ ዝም አለ። ቤዙ ሲጠፋ ደግሞ ስዊንጉ መሬት አጣ። በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ይግባልን፤ ኪራይም ቢሆን።

ገንዘብ ያዥ፦ ኪራዩ ይገባል። ፓንኩንም ጻፉት። ግን ስለ ቀኝ እጁ የተባለውን እንዳለ አስገቡልኝ፤ እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው።

ጸሐፊ፦ በጣም ጥሩ። «ምሽት» የሚለውን አውጥቼ «የቅዳሜ ከሰዓት» ብዬዋለሁ። አምባሰሉ መጨረሻ ላይ ነው። የአዳራሹን ኃላፊ የሚያናግር ሰው ብቻ ቀረን።

የኮምቦልቻ አባል፦ አብሽር፣ ሰኞ ለገበያ ስወጣ እኔ አናግራቸዋለሁ።

ጸሐፊ፦ ሰኞማ ከዓርብ በኋላ ነው! ነገ ጠዋት እኔው እሄዳለሁ። ሪትም ጊታር፣ አንተም ጊታርህን ይዘህ ና።