ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ሲቀየር የኦንላይን ክፍያ አካውንቱን ምን አደረጋችሁት?

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የቤት ዕቃ እንሠራለን። እስካሁን ንግድ ፈቃዱም ቲኑም በእኔ ስም ነበር። አሁን ከእህቴ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመናል። ማኅበሩ በሕግ ራሱን የቻለ ሰው ስለሆነ የራሱ ባለ 10 አሃዝ ቲን ወጥቶለታል። አዲስ ንግድ ፈቃድና የባንክ ሒሳብም አለው።

የቸገረን ክፍያ የሚሰበስብልን ድርጅት ነው። አካውንቱ ላይ ያለው የእኔ ስምና የግል ቲኔ ነው። ይስተካከልልን ስንል «ቲን አይቀየርም፣ አዲስ ክፈቱ» አሉን። አዲስ ከከፈትን ደንበኞች የለመዱት ሊንክና ኪውአር ኮድ ሊጠፋ ነው። ዝም ካልን ደግሞ የማኅበሩ ሽያጭ በእኔ ቲን መመዝገቡ ይቀጥላል። ደረሰኙ በማኅበሩ ስም፣ የክፍያ ሪፖርቱ በእኔ ስም! ኦዲተር ሲመጣ ይሄን እንዴት አስረዳለሁ? እውነት ለመናገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

በዚህ ያለፈ ሰው አለ? አሮጌውን ሳትዘጉ አዲሱን ጎን ለጎን ማስኬድ ቻላችሁ? በድሮው አካውንት ቀብድ የተቀበልንባቸው፣ ገና ያላስረከብናቸው ዕቃዎችም አሉ። የእነሱ ሽያጭ በየትኛው ቲን ይታወቅ? የሒሳብ ባለሙያዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፉልኝ።